ከጨረቃው ቪዲዮ የተረፈው

ስልክና ኮምፒውተር ስጠግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሱቄ ከሚመጣው ሰው ግማሹ የተበላሸ ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ግማሹ ደግሞ «ጠፋብኝ» እያለ ይመጣል። የልጁ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የፍቅረኛው መልእክት ይጠፋበታል። እኔም የለመድኳትን ስብከት እሰብካለሁ፤ የማያስፈልገውን ቶሎ አጥፉ፣ ቦታ አታጣብቡ፣ የሚያስፈልገውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ እላለሁ። ይህን ስል ራሴን እንደ ትልቅ ሐኪም ነበር የምቆጥረው። አንድ ማለዳ የታላቅ እህቴን ባል ሱቄ ደጃፍ ቆሞ እስካገኘው ድረስ ማለቴ ነው።

ጋሼ ነው የምለው። ቁልፉን ከኪሴ ሳላወጣ ደርሶ ቆሟል፣ ጺሙን አልተላጨም፣ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ነው የቆለፈው። በእጁ የመነጽር ሌንስ የሚላክባትን ትንሽ የወረቀት ፖስታ ይዟል። ገባንና ከፖስታዋ ውስጥ ጥፍር የምታክል የሚሞሪ ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«የእህትህ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነበር» አለኝ።

እህቴ ከሞተች አራተኛ ወሯ ነበር። ድምፅዋን ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤተሰቡ ሁሉ ሲፈልገው ሰንብቶ አጥቶታል። ስለዚህ ያቺን «ነበር» የምትለውን ቃል ስሰማ ካርዷን አንስቼ ወደ መብራቱ አስጠጋኋት።

ጋሼ መነጽር ቤት ጓዳ ውስጥ ሌንስ ሲሞርድ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። ፊት ለፊት ያሉት ልጆች ሽቶ ተቀብተው ፍሬም ያስለካሉ፣ እሱ ከኋላ ነጭ ብናኝ የሞላበት ሽርጥ አድርጎ ከሚያፏጨው ማሽን ጋር ይውላል። ስንቱን ሰው አጥርቶ እንዲያይ አድርጎ እሱን የሚያውቀው ደንበኛ የለም። ነገሩ ሁሉ በልክ ነው። አንድ ሌንስ ከፀጉር ባነሰ ከተዛነፈ እንደገና ይሠራዋል እንጂ «ይሂድ» አይልም። ወሬ ግን አይሆንለትም። በዓመት የሚናገረውን እህቴ በአንድ ከሰዓት ትጨርሰው ነበር።

ሃምሳ ሊሞላው ሲል ጨረቃ ያዘችው። ከተሰበረ የሱቅ ባንኮኒ ወፍራም መስታወት ቆርጦ ሁለት ዓመት በእጁ ፈተገው፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጎ አለሰለሰውና የሚያብለጨልጨውን ቅብ መስታወት ሠሪዎች ዘንድ አስቀባ። የፕላስቲክ የፍሳሽ ቱቦ ገዝቶ መስታወቱን ከታች ገጠመበት፤ መቆሚያውን ከአሮጌ ቁም ሣጥን እንጨት ሠርቶ ቴሌስኮፕ አደረገው። እህቴ ለጎረቤቶቿ «ሌላው ወንድ መታጠቢያ ቤቱን ያበጅበታል፣ የኔው ቱቦ ግን ወደ ሰማይ ነው የሚዘረጋው» ትላቸው ነበር። ሰፈሩም ወዲያው ስም አወጣለት። የጨረቃ ዘበኛ አሉት፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ባለሦስት ፎቁ ቤታቸው ጣሪያ ላይ፣ በውኃ ታንከሩና በልብስ ማስጫው ገመድ መካከል ተገትሮ ስለሚታይ።

ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቀን «ዛሬማ ቀንህ ነው» ለሚለው ሰው መልስ አይሰጥም። ሙሉ ጨረቃ ለፎቶ አትሆንም ይላል፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታት ጥላ የላትም፣ ጠፍጣፋ ሆና ትቀራለች። የሚፈልጋት ግማሽ ስትሆን ነው። ያን ጊዜ ገና ሳይመሽ ሰማይ መሐል ላይ ትገኛለች፣ ብርሃንና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዱም ተራራውም ጥላ ይጥልና ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የሚቸግረው አየሩ ነው። ቀን ሲግል የዋለ ጣሪያ ሁሉ ሙቀቱን ወደ ላይ ይተፋል፣ ጨረቃዋ በቱቦው ውስጥ ስትታይ ትርገበገባለች። ስለዚህ አንድ ፎቶ አንስቶ መውረድ አይቻልም። ስልኩን በዓይን በሚታይበት የቱቦው ቀዳዳ ላይ አስሮ ጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ ይቀዳል፤ አየሩ ለአንድ አፍታ ረጋ ሲል የተቀዳውን ጥርት ያለ ምስል አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሺዎቹ መሐል ይለቅምና ደራርቦ አንድ ፎቶ ያደርገዋል። ፕሮግራሙን የጫንኩለት እኔ ነኝ። አጠቃቀሙንም ያስተማርኩት እኔው ነኝ። በሁለተኛው ወር የስልኬ ካርድ ሞላብኝ ብሎ ሲመጣ «ጋሼ፣ ፎቶው ከወጣ በኋላ ቪዲዮው ምን ያደርግልሃል? ገለባ ነው፣ አጥፋው» ያልኩትም እኔ ነኝ። እሱ የተነገረውን በልክ የሚፈጽም ሰው ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ቀዳ፣ ፎቶውን አወጣ፣ ቪዲዮውን አጠፋ።

እህቴ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ነበረች። በቀን ስንት መቶ ሰው ድምፅዋን ይሰማል፣ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ፎቅ፣ ማን ተኛ፣ ማን ወጣ ስትል ትውላለች። ከሥራ ስትመለስ ልብስ ልታወርድ ጣሪያው ላይ ትወጣለች። ልብሱን ጭኗ ላይ ቆልላ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ትቀመጥና ያን ቀን የገጠማትን ታወራለታለች። አንድ ሰውዬ ሚስቴ ወልዳለች ወይ ብሎ ደውሎ፣ ሙሉ ስም ይንገሩኝ ብትለው ከድንጋጤው የራሱን ስም ሰጣት። እሷም መዝገቡን አገላብጣ «እርስዎ ገና አልወለዱም» አለችው። ይህን ስትነግረው ሳቅዋ ጣሪያውን ሞልቶት ነበር። ጋሼ ዓይኑን ከቱቦው ሳያነሳ «እህ» አላት። እኔ ያን ቀን እዚያው ነበርኩ።

«እስኪ እኔንም አሳየኝ» ትለዋለች አንዳንዴ። «ትንሽ ታገሺ፣ ገና አልጠራችም» ይላል። ልብሷን ይዛ እስክትወርድ ድረስ አትጠራም። አንዴ ግን አስጠግቷት ስታይ እዚያው ነበርኩ፤ ብዙ ካየች በኋላ «ይሄማ የኛ ወጥ ቤት ግድግዳ ነው፣ አድሰዋለሁ ያልከው» አለችው። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፣ ግድግዳውንም አላደሰም።

ጋሼ እንደሚለው ጣሪያው ስስ ስለሆነ ሰው ሲራመድበት ቱቦው ይንቀጠቀጣል፣ ይህ እውነት ነው። የተቀመጠ ሰው ግን ምን ያንቀጠቅጣል? ይህን ያኔ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። እኔስ ምኔ ይሻላል? ሱቄ ስትደውልልኝ «እቴቴ፣ ደንበኛ ቆሞብኛል፣ መልሼ ልደውል» ብዬ ዘግቼ ስንቴ ሳልደውል ቀርቻለሁ። ያቺ ሴት ለመላው ከተማ ስትመልስ ውላ ለራሷ የሚመልስላት አልነበራትም። አሁን ሳስበው እበሳጫለሁ፣ ማንን እንደምቆጣ ግን አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች፣ አልተነሳችም። ልቧ ነው አሉን። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነበር።

የድምፅዋን ነገር ያነሳችው ልጃቸው ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስድስት ወሯ ነበር፣ አንድ እሑድ ተሰብስበን ሳለን «አባዬ፣ የእማዬ ድምፅ የትም የለንም እንዴ?» አለችው። ቀላል ጥያቄ መስሎን ሁላችንም ስልካችንን አወጣን። ፎቶ ሞልቷል፣ ድምፅ የለም። እቴቴ የድምፅ መልእክት አትልክም ነበር። ቀኑን ሙሉ የማላየውን ሰው ሳናግር ውዬ ደግሞ ለማሽን አላወራም ትል ነበር። የልጅቱን ሠርግ ቪዲዮ አወጣን፤ አቀናባሪው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈን ለጥፎበታል፣ እቴቴ አንገቷን ደፍታ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። ልጅቱ ሆስፒታሉ ድረስ ሄዳ ጠየቀች። ሰውን የሚያናግረው መስመር አይቀዳም፣ ማታ ማታ ማሽኑ ራሱ የሚመልስበት ድምፅ ደግሞ ከሌላ ቦታ የተገዛ ነው አሏት። የእናቷ የሥራ ጓደኞች አልቅሰው ሸኟት።

ከዚያ እሑድ በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው ጋሼ ሱቄ ደጃፍ የተገተረው። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ሲለው ነገሩ ድንገት ትዝ አለው። ቪዲዮው ድምፅም ይቀዳል። ፕሮግራሙ ምስሉን ብቻ ለቅሞ ስለሚወስድ ሰባት ዓመት ሙሉ አንዱንም ቪዲዮ ድምፁን ከፍቶ አልሰማውም። በእያንዳንዱ ውስጥ ግን እሷ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ስታወራ ነበር።

«አጥፍቼዋለሁ። ግን አንተ የጠፋ ታወጣለህ» አለኝ።

ለደንበኛ የማስረዳውን ለእሱም አስረዳሁት። ማጥፋት ማለት ስሙን ከመዝገብ መሰረዝ ነው፣ ነገሩ ራሱ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ቦታው ላይ አለ። ይህን ስለው ፊቱ በራ። እኔ ግን ገና የምጠይቀው ጥያቄ ነበረኝ።

«እቴቴ ካረፈች በኋላ ካርዱ ላይ ቀድተሃል?»

«ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ» አለ። «ሌላ የምሄድበት የለኝም፣ ጣሪያው ላይ እወጣ ነበር።»

«ስንቴ?»

«ሦስቱንም ግማሽ ጨረቃ። በየወሩ አራት አምስት ምሽት።»

ካርዷ የምትይዘው የሦስት አራት ምሽት ቪዲዮ ነው። ማስላት ለእኔም ለእሱም አይከብድም። እህቴ በተቀበረችበት ቀን ድምፅዋ ካርዷ ላይ በሽ በሽ ነበር፤ የሞተችበት ሳምንት ወሬ፣ የመጨረሻው ሳቅ፣ ሁሉም ነበር። ሐዘኑ አላስቀምጥ ሲለው ሄዶ ጨረቃን በላዩ ላይ የቀዳበት እሱ ራሱ ነው። በልክ የሚኖር ሰው ነውና ሳልነግረው ገባው። አሮጌው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። የጠራ መነጽር ለረጅም ጊዜ ጠረገ።

ሂድ፣ የተገኘውን አሳውቅሃለሁ ብዬ ሸኘሁት። ያን ቀን ሱቁን ለደንበኛ ዘጋሁት።

ማሽኑ ካርዷን ጥግ በጥግ ሲበረብር ሁለት ቀን ፈጀ። የወጣው ጨረቃ ብቻ ነው። በወጣው ቁራጭ ሁሉ ላይ ድምፁን ከፍቼ አዳመጥኩ፤ ነፋስ፣ ውሻ፣ የታንከሩ ጠብታ፣ የጋሼ ትንፋሽ። ከሞተች በኋላ የተቀዱት ናቸው። በአንዱ ላይ እያለቀሰ ነበር፣ እሱን አልፌው ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ካርዷ መጨረሻ ላይ ሳይጻፍበት ከቀረ ጥግ፣ ምስሉ የተበላሸ ድምፁ ግን የዳነ ሃያ ሦስት ሰከንድ ተገኘ። ቀኑ አብሮት ወጣ፣ ከሁለት ዓመት ከሁለት ወር በፊት የተቀዳ ነበር።

አንሶላ በነፋስ ይማታል። ከዚያ እህቴ መጣች።

«…ሴትዮዋ እኮ መልሳ ደወለችልኝ፣ ልታመሰግነኝ ብቻ። እንዲህ ያለ ሰው አለ።» ትንሽ ዝም አለች። «እየሰማኸኝ ነው?» አሁንም ዝም። «ልውረድ እንዴ?»

ቀጥሎ የጋሼ ድምፅ ይሰማል፤ ለማይኩ ቅርብ ስለሆነ ከሷ ይልቅ ይጮኻል። «አዎ፣ ውረጂ በቃ። አንቺ ስትኖሪ ጨረቃዋ አትጠራም።»

ከዚያ ሳጥኑ ሲንኳኳ፣ ነጠላ ጫማዋ ጠፍ ጠፍ ሲል፣ የጣሪያው የብረት በር ሲዘጋ ይሰማል።

ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ያስለቀሰኝ ናፍቆት ነው፣ ቀጥሎ ግን ንዴት ነበር። ያን ሰዓት አጠገቤ ቢሆን ኖሮ የማልመልሰው ነገር እናገረው ነበር። እጁ ላይ ያለውን ድምፅ ሰባት ዓመት አጥፍቶ፣ የቀረችው አንዲት ቁራጭ እሷን ሲያባርር የሚሰማባት ትሁን?

እንዲህም ሆኖ ልጅቱ እየጠበቀች ነው። እሱም እየጠበቀ ነው። ምሽት ላይ ንዴቴ ሲበርድልኝ ከ«ልውረድ እንዴ?» በኋላ ያለውን ቆረጥኩት። አሥራ አራት ሰከንድ ቀረ። ሙሉውን ደግሞ የራሴ ኮምፒውተር ውስጥ አስቀመጥኩት።

በማግሥቱ ከሥራ መልስ እቤቱ ይዤለት ሄድኩ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሚኮራባት አንዲት ፎቶ ብቻ አለች፤ በመስታወት ፍሬም ውስጥ ያለች ግማሽ ጨረቃ። ከሁሉም የጠራችው እሷ ናት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ትንሽ ጉድጓድ ይቆጠራል። እንደ ሌንስ ትእዛዝ ሁሉ ጥጓ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጽፎባታል። ስንት ጊዜ አይቻት ቀኑን አንብቤው አላውቅም ነበር። ያን ቀን አነበብኩት። ከሃያ ሦስቱ ሰከንድ ጋር አብሮ የወጣው ቀን ራሱ ነው።

ስልኩን ተቀብዬ ድምፁን ጫንኩለትና ሰጠሁት። ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰማው። ደግሞ ሰማው። ሦስተኛውን ሲጨርስ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፣ ግን ፈገግ ብሎ «መልሳ ደወለችልኝ አለች» አለኝ። «ያቺን ሴትዮ አሁን አስታወስኳት። ነግራኝ ነበር ማለት ነው።»

ከዚያ ስልኩን ከጆሮው አወረደ። «ምን ብዬ መለስኩላት?» አለኝ።

«እዚያ ላይ ነው የተቆረጠው፤ ካርዱ ከዚያ ወዲያ ተበላሽቷል» አልኩት።

የመጨረሻውን ሁለት ሰከንድ መልሶ ከፈተው፣ ጣቱን እያስኬደ ጫፉን ፈለገው። ዕድሜውን ሙሉ ጠርዝ ሲዳስስ የኖረ ሰው መሆኑን ረስቼው ነበር።

«ሲሰበርና ሲቆረጥ ጠርዙ አንድ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያው ላይ ያለው ተሰብሮ ነው፣ ቃሏ ከመሐል ነው የሚጀምረው። ይሄኛው ግን በእጅ የተቆረጠ ነው።»

ወለሉን አየሁ።

«ሙሉው አንተ ዘንድ አለ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

ራሱን ነቀነቀ። ይሰጠኝ አላለም። «ልጅቱ እንዳትሰማው» ብቻ አለ። ቀጥሎ «ምን እንዳልኳት አውቃለሁ። ያቺን ቀን ባላስታውስም አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ የምላት እሱኑ ነበር» አለኝ። ያን ያለበት ድምፅ ንዴቴን ይዞት ሄደ። ቀና ብሎም ግድግዳው ላይ ያለችውን ጨረቃ አያት። ቀኑን አስተያይቶት እንደሆነ አልጠየቅሁትም፣ ዛሬም አላውቅም።

ልጅቱ አሥራ አራቱን ሰከንድ ወሰደች። ሕፃኑ ተወልዶ ሲነጫነጭ ታሰማዋለች፤ አያትህ ናት ትለዋለች። ጋሼ የወጥ ቤቱን ግድግዳ አደሰው። ቱቦው ጣሪያው ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቆሟል።

ባለፈው ወር ዕቃ ላደርስለት ስሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ሳላንኳኳ ገባሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፣ ስልኩ ጉልበቱ ላይ ነው። የእህቴ ድምፅ ይሰማል፤ ሴትዮዋ መልሳ ደውላለች፣ እንዲህ ያለ ሰው አለ። እየሰማኸኝ ነው ስትለው «እየሰማሁሽ ነው» አላት። ልውረድ እንዴ ስትለው «አትውረጂ» አላት። ጣቱን ሰዶ እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተው።

ዕቃውን በር ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ሱቄ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና የቀረውን ዘጠኝ ሰከንድ ላጠፋው ቆርጬ ተነሳሁ። ግን ከውስጡ እህቴ በነጠላ ጫማዋ ስትሄድ ነው የሚሰማው፣ እንዳለ ተውኩት።